በጾም የመጣች ፍየል

ልጅ እያለሁ የገና በዓል ለእኔ የሚሸተው ጭቃ ጭቃ ነበር። ያደግኩት ጁባ፣ ኮሎሎ መንገድ ዳር ነው። ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ሳሩ ቢጫ ማለት ሲጀምር፣ አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን ማማ ኪደን የጭቃ ቤቷን እንደ አዲስ ትለስናለች። እዚያ ሰፈር ለበዓል ቤቷን ያልለሰነች ሴት ትታማለች። ጭቃውን የምናቦካው ልጇ ኪደንና እኔ ነበርን። ቀሚሳችንን እስከ ጉልበታችን ሰብስበን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንረግጠዋለን። ማማ ኪደን ጭድና አመድ ትጨምርበታለች፤ ግድግዳው ሲደርቅ ደግሞ በቀይ አፈርና በከሰል ጌጥ ትሥልበታለች። የእኛ ቤት ብሎኬት ስለነበር እቀናባት ነበር። ብሎኬት ምን ያደርጋል፣ ለበዓል አይታደስ።

ማማ ኪደን ስንል የኪደን እናት ማለታችን ነው። ጁባ ውስጥ ሴት ከወለደች በኋላ የራሷን ስም ብዙ አትሰማም፤ እናቴንም ሰፈሩ ሁሉ በእኔ ስም ማማ ሜሮን ይላት ነበር። አባቴ የመንገድ ሥራ ፎርማን ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ ውጭ ሳይት ላይ ነው። እማዬ ከእኔ ጋር ቤት ትውላለች። አረብኛዋ ሽንኩርትና ቲማቲም ለመከራከር ይበቃል፣ ከዚያ አያልፍም። ማማ ኪደን ደግሞ ከአማርኛ የምታውቀው «እሺ» እና «ነይ» ብቻ ነው። እነዚህ ሁለት ሴቶች በዚያች ጥቂት ቃል ሦስት ዓመት ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ አንድ ቀን አልተጣሉም። አሁን ሳስበው ያልተጣሉት ቃል ስላጠራቸውም ሊሆን ይችላል።

እማዬ ያን ወቅት መጸው ትለዋለች። «ይኼኔ አገር ቤት ጤፉ እየታጨደ ነው» ብላ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች። ጁባ ጤፍ የለም፤ ግን ከኅዳር በኋላ ማለዳ ማለዳ ከሰሜን ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ነፋስ ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ በላብ ለኖርን ልጆች ያ ነፋስ ከባድ ብርድ ነበር። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቢያየን በሳቅ ይሞት ነበር፤ እኛ ግን ጋቢ ተከናንበን «በረደን» እንል ነበር። መንገዱ ጭቃነቱን ትቶ አቧራ ይሆናል፣ የወባ ትንኙ ይቀንሳል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

አመሻሽ ላይ ኪደን በአጥሩ ክፍተት ሾልካ ትመጣና በረንዳችን ላይ አንድ ጋቢ ለሁለት እንለብሳለን። አዲስ የተነቀለ ኦቾሎኒ በትኩስ አሸዋ ተቆልቶ እቅፋችን ላይ ይደፋልናል፤ ልጣጩ ጋቢው ላይ ተጣብቆ እማዬ ጠዋት ታማርራለች። ከርከዴ በዝንጅብል አፍልታ በትኩሱ ትሰጠናለች፣ ከንፈራችን እስኪቀላ እንጠጣለን። ወሬያችን አንድ ነው፤ ገና። ለእሷ ምን ዓይነት ጫማ እንደሚገዛላት፣ ለእኔ አባዬ ከሳይት ሲመጣ ምን እንደሚያመጣልኝ፣ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ። የእሷ ገና በፈረንጆቹ ቀን ይውላል፤ የእኛ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ይከተላል። ትልልቅ ሰዎች በዚህ ግራ ሲጋቡ አያለሁ። ለእኛ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ገብቶን ነበር፤ ሁለት ገና ማለት ነው፣ አንዱ እሷ ቤት፣ አንዱ እኔ ቤት። ከክፍላችን ልጆች እንደ እኛ የታደለ አልነበረም፣ ይህንንም ሳንነግራቸው የቀረን ቀን ያለ አይመስለኝም።

የማማ ኪደን በዓል ሲቃረብ የብስኩት ሥራ ይጀመራል። ዱቄቱ በቅቤ፣ በወተትና በእንቁላል ይቦካና በእጅ በሚሽከረከር ማሽን ውስጥ እያለፈ እንደ ጥብጣብ ባለ መስመር ሆኖ ይወጣል። ማሽኑን አንዴ ኪደን፣ አንዴ እኔ እናዞራለን። ትሪ ላይ የተደረደረውን ብስኩት ዳቦ ቤት ወስዶ የሚያስጋግርልን ላዶ ነው፤ የማማ ኪደን ታናሽ ወንድም፣ የጁባ ወደብ ላይ ከጀልባ ጭነት እያወረደ የሚኖር ሰው። ላዶ ሦስት ትሪ አንድ ላይ ጭንቅላቱ ላይ ደራርቦ በእጁ ሳይዝ ሲሄድ እኛ ከኋላው «አሁን ወደቀ፣ አሁን ወደቀ» እያልን እንከተለዋለን። አንድም ቀን ወድቆበት አያውቅም። ሲመለስ ብስኩቱ ትኩስ ነው፣ መንገዱን ሁሉ ይሸታል፣ የመጀመሪያው ደግሞ ለእኛ ነው።

ችግሩ ጾሙ ነበር። የእነ ኪደን ገና የሚውለው በእኛ ጾም መሀል ነው። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ገና ዋዜማ እማዬ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አትቀምስም። እኔ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ስለነበር ብስኩት ስበላ አይታ እንዳላየች ታልፈኛለች፤ ሥጋ ግን ጾሙ እስኪፈታ ቤቷ አይገባም። ማማ ኪደን ይህን አታውቅም። በእሷ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ጾም የለም፣ እኔንም የምታውቀኝ ያገኘሁትን ስበላ ነው። ስለዚህ በገናዋ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች መጀመሪያ የምታወጣው የእኛን ድርሻ ነበር። ከታረደው ፍየል ምርጥ ምርጡን ከሩዝ ጋር በጎድጓዳ የብረት ሳህን ሞልታ፣ ራሷ በጠለፈችው ጨርቅ ሸፍና፣ አዲስ ልብሷን ለብሳ በዋናው በር ታመጣለች። ሌላ ቀን በአጥሩ ክፍተት ነው የምትጣራው።

እማዬ አልበላም ማለት አትችልም። የመጣ ሳህን መመለስ ለእሷ ሰውን በጥፊ እንደ መምታት ነው። በሁለት እጇ ትቀበላለች፣ «ሹክራን» ትላለች፣ እስከ በሩ ትሸኛለች። ከዚያ ሳህኑን በረንዳው ጥግ አስቀምጣ ትጨነቃለች። መብላት አይቻልም፣ መድፋት ኃጢአት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የአባዬ መሥሪያ ቤት ሾፌር መጥቶ ለመንገድ ሥራው ካምፕ ጥበቃዎች ወስዶላት በሰላም አለፈ። ሳህኑ ይታጠባል፣ ባዶ እንዳይሆን ስኳር ይደረግበታል፣ ለማማ ኪደን ይመለሳል። አባዬ «ሴትየዋን ብትነግሪያት ምን ትሆኛለሽ?» ሲላት «አንተ ወንድ ነህ፣ ይሄ አይገባህም» ትለዋለች።

በሦስተኛው ዓመት ሾፌሩ አልመጣም። እማዬ ፀሐዩ እስኪከር ጠበቀችና መንገዱን ተሻግሬ ለጋሽ ሰይድ እንድወስድ ላከችኝ። ጋሽ ሰይድ ስኳር፣ ዱቄትና ለስላሳ በጅምላ የሚሸጥ የወሎ ሰው ነው፤ በበዓልም ሱቁን አይዘጋም። «እሱ የእኛን ሥጋ እንደማይበላ አውቃለሁ፣ ለሠራተኞቹ ይስጥልኝ በዪው» አለችኝ። እኔም ሳህኑን አቅፌ ሄድኩ፣ መልእክቷንም አደረስኩ። ጋሽ ሰይድ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እናትሽ በጾሟ፣ እኔ በሃይማኖቴ። ይህቺ ፍየል ምን በወጣት ነው የሚበላት ያጣችው?» አለ እየሳቀ። ከዚያ ከጓሮ የለስላሳ ሳጥን የሚያወርዱትን ሁለት ሰዎች ጠራቸው።

አንደኛው ላዶ ነበር። ወደቡ ለበዓል ሥራ ስላልነበረው ለጥቂት ሰዓት እዚህ ሊሠራ መጥቶ ኖሯል። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ቀረበና «ዴ ሹኑ?» አለ፤ ምንድነው ይሄ ማለቱ ነው። መልስ ሳይሰማ ጨርቁን አየው። ከዚያ ሳህኑን፣ ከዚያ እኔን። እህቱ ያን ጨርቅ ስትጠልፍ አጠገቧ ተቀምጦ አይቷታል፣ ፍየሉንም ጠዋት ያረደው እሱ ራሱ ነው። አልተቆጣኝም። ሸፈነው፣ ትከሻው ላይ አደረገው፣ ለጓደኛው አንድ ነገር ተናግሮ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ሄደ።

«ምን ሆነ ሰውዬው?» አለኝ ጋሽ ሰይድ። የማን ወንድም እንደሆነ ስነግረው ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «በይ ሩጪ» አለኝ። «እናትሽ ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከአንቺ ትስማ።»

እማዬ ስነግራት ሽንኩርት እየላጠች ነበር። መላጡን ትታ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አሁን ምን ትለኛለች?» አለች ለራሷ። አሁኑኑ ሄደን እንንገራት ብላት እምቢ አለችኝ። «ዛሬ በዓሏ ነው። ደስታዋን አላደፈርስም» አለች። ደስታው ቀድሞ መደፍረሱን ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ ግን እናት ስትጨነቅ ክርክር አይነሳም።

ያን አመሻሽ ኪደን አልመጣችም። ከአጥሩ ወዲያ ከበሮ ይመታል፣ ዘፈን አለ፣ በመንገዱ ላይ ልጆች እየዘመሩ ያልፋሉ። ጋቢውን ብቻዬን ለብሼ ተቀመጥኩ፣ ኦቾሎኒውም አልጣመኝም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ክፍተት አየኋትና ጠራኋት። አዲሱን ጫማዋን አድርጋለች፣ ቀይ ነው፣ ዘለበት አለው። ስንት ምሽት ያወራንለት ጫማ ነበር። ወደ አጥሩ አልቀረበችም። «እናቴ ሐበሾቹ ይጸየፉናል ትላለች» አለችኝ። «በእናንተ ገናም አንመጣም።» አይደለም ልላት አፌን ስከፍት ዞራ ሄዳለች። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያስበው፤ ጓደኛዬ ሄደች፣ ገናዬም ሄደ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ለእማዬ የነገርኳት እያለቀስኩ ነው። የተጎዳሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን «ይጸየፉናል» የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ክፉ ናት ቢሏት፣ ስስታም ናት ቢሏት ትችለው ነበር። ሰው ይጸየፋሉ መባልን ግን አልቻለችም። እጇን ታጠበች፣ ነጠላዋን አደረገች፣ «ነይ፣ ታስተረጉሚልኛለሽ» አለችኝ። ሰው ቤት ባዶ እጇን ስትሄድ ያየኋት የመጀመሪያ ቀን ነው። በምን አእምሮዋ ታስብ።

ማማ ኪደን ማድቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። ወንበር አወጣችልን፤ ተቀይማም ቢሆን እንግዳ አታቆምም። ፊቷ ግን እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። ኪደን በሩ ላይ ተደግፋ ታየናለች። እማዬ በአማርኛ ጀመረች፣ እኔ መሀል ሆኜ ወደ ጁባ አረብኛ እመልሳለሁ። ጾም የሚለው ቃል ጋ ስደርስ ጋሽ ሰይድ በረመዳን ሲል የምሰማውን «ሲያም» ተጠቀምኩ። ማማ ኪደን ግራ ተጋባች። «እናንተ ክርስቲያን አይደላችሁም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ክርስቲያን ነን፣ በዓላችን ግን አልደረሰም፣ እስኪደርስ ሥጋ አይበላም አልኳት። ወደ ልጇ ዞረች፣ ልጇ ትከሻዋን ነቀነቀች፣ መልሳ እማዬን አየቻት።

«ሌ ሹኑ?» አለቻት። ለምን። «ለምን አልነገርሽኝም? ሦስት ዓመት ሳበስልልሽ ለምን ዝም አልሽ?»

እማዬ የነጠላዋን ጫፍ እያሻሸች «አፍሬ ነው በያት» አለችኝ። «የመጣ ሳህን መመለስ ነውር መስሎኝ ነው።»

ማማ ኪደን ስተረጉምላት አዳመጠች፣ ትንሽም አሰበች። «ታዲያ መለሰችው እኮ» አለች። «በወንድሜ ትከሻ።»

ይህንን ለእማዬ ልንገራት ወይስ ልተወው ብዬ አመነታሁ። ነገርኳት። መጀመሪያ የሳቀችው እማዬ ናት፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ። ማማ ኪደን ሳቋን ለመያዝ ታገለች፣ አልቻለችም። ኪደንም ምን እንደተባለ ከእኔ እኩል ስለሰማች ሳቀች። እኔ ግን ገና አላመንኩም ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች እየሳቁም ሊቀያየሙ እንደሚችሉ አውቃለሁ።

ሳቁ ሲያበቃ ማማ ኪደን ቁም ነገር ያዘች። «ምን ነው የምትበላው ታዲያ?» ብላ ጠየቀችኝ። ባቄላ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ኦቾሎኒ፣ ቅቤ የሌለበት ሁሉ አልኳት። ተነሥታ የድስቷን ክዳን ከፈተችው። በተፈጨ ኦቾሎኒ የተሠራ የቅጠል ወጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት ያንን ነበር፤ የድሃ ምግብ ነው ብላ አንድ ቀን ልካልን አታውቅም። ሥጋ እስክታገኝ ትጠብቃለች፣ ፍየሉንም ለማረድ ስንት ወር ታጠራቅማለች። ለካ እሷም አፍራ ኖሯል። አሁንም ሳህኑን ስታቀርብ ፊቷን ዞር አድርጋ ነው።

ሰዓቱ ዘጠኝ አልፎ ነበርና እማዬ ባርካ በላች። እናቴን የማታውቁ የሚቀጥለው ነገር ላይገባችሁ ይችላል። ሰው ቤት ስትሄድ ሦስት ጊዜ «በልቻለሁ» ሳትል እጇን የማትዘረጋ፣ ቢርባትም ሳህኑ ላይ አስተርፋ የምትነሣ ሴት ናት፤ እኔንም በቁንጥጫ ያሳደገችኝ እንደዚያው ነው። ያን ቀን ሳህኑን እስከ መጨረሻው ጠረገችውና «ጨምሪልኝ በያት» አለችኝ። ማማ ኪደን ትርጉም አልጠበቀችም። የተዘረጋውን ሳህን አይታ ጭልፋዋን አነሣች፣ ስትጨልፍም ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ሁለተኛውን ገናችንን ማግኘታችንን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ኪደን አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና አዲሱን ጫማዋን አውልቃ «ለኪው» አለችኝ። ጠቦኛል፣ ግን አልነገርኳትም።

በገናችን መጡ፣ ላዶም አብሯቸው መጣ። አባዬ ከሳይት በግ ይዞ ገብቶ ነበር። ማማ ኪደን የበርበሬው ነገር አስለቅሷት ውሃ በውሃ ላይ ብትጠጣም ሳህኗን ጨረሰች፣ ጎረቤት ሆዱን ሞልቶ ሲበላ ማየት እማዬን እንዴት ደስ እንዳሰኛት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ በእነሱ ገና የሚመጣልን የኦቾሎኒ ወጥ ሆነ። ሰፈሩ ማማ ኪደን ለሐበሾቹ በበዓል ቀን ቅጠል ትልካለች ብሎ አምቷታል፤ እሷ ደንታም አልነበራት።

ኋላ ከተማዋ ታወከች። እኛ ወደ አዲስ አበባ፣ እነ ኪደን ወደ ዩጋንዳ ሄድን። ኪደን ካምፓላ ነርስ ሆናለች፣ በስልክ እንገናኛለን፣ በበዓል ፎቶ እንላላካለን። ማማ ኪደን እዚያው አርፋለች። እማዬ መርዶውን ስትሰማ ጥቁር ለብሳ ለቅሶ ተቀመጠች። የአዲስ አበባ ጎረቤቶቿ ሊያስተዛዝኗት መጥተው ምን ትሆንሻለች ሲሏት «ጎረቤቴ ናት» ትላቸዋለች። ከጎረቤት በላይ የሆነ ነገር እስክትጨምር ይጠብቋታል፣ እሷ ግን ሌላ የምትጨምረው አልነበራትም።

እኔ ባንክ ተቀጥሬ ወደ ጁባ ተመልሻለሁ። የምኖረው እዚያው ኮሎሎ ነው። የጭቃ ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል። አጥሬ ግንብ ነው፣ ከላዩ ሽቦ አለው፣ ክፍተት የለውም። ኦቾሎኒው ዛሬም በትኩስ አሸዋ ይቆላል፣ ብስኩቱ ግን በካርቶን ከሱቅ ይገዛል። የኅዳሩ ነፋስም እንደ ድሮው ይመጣል፤ ቤቴ ኤር ኮንዲሽነር ስላለው መምጣቱን የማውቀው ጠዋት መኪናዬ ላይ ባለው አቧራ ነው። አልዋሽም፣ ኑሮዬ ከያኔው ይሻላል። ያኔ ግን ጎረቤት ነበረኝ።

ዘንድሮ በፈረንጆቹ ገና ባንኩ ስለተዘጋ ቤት ዋልኩ። ጾም ላይ ነበርኩ። ከጎኔ ካለው ግቢ የሥጋ ጥብስ ይሸታል፣ ሰው ይስቃል። ስማቸውን አላውቅም፣ እነሱም የእኔን አያውቁም። ከሰዓት በኋላ በሩ ሲንኳኳ ከሶፋው ብድግ ብዬ ፀጉሬን አስተካከልኩ። የውሃ ቦቴው ሾፌር ነው፣ ገንዳውን ሊሞላ የመጣ። ቀኑን ሙሉ ምን ስጠብቅ እንደዋልኩ የገባኝ ያኔ ነው። ሳህን ይዞ የሚመጣ ሰው ቢኖር ምን እንደምለው አዘጋጅቼ ነበር፤ እማዬ እንዳፈረችው ሳላፍር፣ እዚያው በሩ ላይ፣ ጾም ላይ ነኝ፣ ቅጠል ካለ እበላለሁ ልለው። የምነግረው ሰው ነው ያጣሁት።